ሚስማር በከንፈር

ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች። ወተት ጥዳ ምድጃው አጠገብ ቆማለች፤ ከግድግዳው ማዶ አማቷና የአማቷ እህት ይጫወታሉ። ግድግዳው ስስ ሳንቃ ስለነበር ሹክሹክታ እንኳ አይሸሽግም።

«ልጅቷስ መልካም ናት፤» አለች እህትየው፤ «ምላሷ ግን ፈጣን ነው።»

«ይሁና።»

«ይሁና አትበዪ! ልጅሽ አንዲት ቃል አምጦ እስኪወልድ እሷ አሥር ወልዳ ታሳድጋለች።»

ሁለቱም ሳቁ። ቀጥሎ የተባባሉት ብዙው ጠፍቷታል። ብቻ እህትየው፣ «እንግዲህ አፍ ትሆነዋለች» ያለች ይመስላታል። አማቷ ግን ሳቋን አቁማ እንዲህ ስትል ሰምታለች፦ «አፍስ አለው። ለልጄ የጎደለው አፍ አይደለም፤ የጎደለውማ...»

እዚህ ላይ ወተቱ ገነፈለ።

ሮጣ ድስቱን አነሳች፣ እጇን ለበለባት፣ «ወይኔ!» ብላ ጮኸች፣ ጨዋታውም በዚያው ተቋረጠ። ዛሬ ላይ ሆና ስታስበው ከወሬው ይልቅ ያረረው ወተት ሽታ ነው ጥርት ብሎ የሚመጣላት። ከወሬው የያዘችው የተመቻትን ነው፤ «አፍ ትሆነዋለች» የምትለዋን። ሰው ከሰማው ይልቅ የወደደውን ያስታውሳል።

እንደተባለውም አፍ ሆነችው።

ባሏ መስታወት ቆራጭ ነው። ሱቁ የቤቱ ፊተኛ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ተለይቶ ከበስተኋላው መመገቢያውና መኝታው ይቀጥላል። መስታወት ላይ መቁረጫው አንዴ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ከጫፍ ተነስቶ ሳይቆም እስከ ጫፍ። መንገድ ላይ የቆመ፣ ወይም ያለፈበትን የደገመ እጅ መስታወቱን ያበላሸዋል። የእሱ እጅ ደግሞ አንድም ቀን ተንተባትቦ አያውቅም። የሚንተባተበው ምላሱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቃሉ በር ላይ ይቆማል፤ ያንኳኳል፣ ያንኳኳል፣ ከውስጥ ግን ቶሎ የሚከፍትለት የለም።

ስለዚህ እሷ ከፈተችለት። ደንበኛ ሲመጣ የምታነጋግረው እሷ፣ ልኩን የምትጠይቀው እሷ፣ ቀኑን የምትቆርጠው እሷ። የሰፈሩ ሰው «አፈ ጉባኤ» ብሎ ስም አወጣላት። «አፈ ጉባኤዋ አለች?» ብሎ ነው የሚገባው እንጂ «ባለመስታወቱ አለ?» የሚል የለም። እሷም አልከፋትም። ደስ ነው ያላት።

ልጆቹም ከእናታቸው ተማሩ። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ በቤት ውስጥ ትልቋና ትንሿ ነው የሚባሉት። አባታቸው ገበታ ላይ ተቀምጦ «ጨ...» ሲል ገና ትንሿ ተንጠራርታ ጨዉን እጁ ላይ ታኖርለታለች። እሱም ያያታል፣ ጨዉን ያያል፣ ይነሰንስና ይበላል። በዚያ ቤት የእሱን ቃል ቀድሞ መጨረስ የፍቅር ሥራ ነበር፤ ማን ቀድሞ ይወደው እንደሚሉት ያለ ሩጫ። በሩጫው ደግሞ ዘወትር አንደኛ የምትወጣው እናትየው ነበረች።

አሁን መፀው ገብቷል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ማራገፍ ጀምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። ይህ ወቅት ለመስታወት ቤት የሥራ ወቅት ነው፤ በጋውን ሙሉ በተሰነጠቀ መስኮት የኖረ ሰው ሁሉ ነፋሱ አንገቱን ሲነካው ትዝ ይለዋል። እሷ ግን መፀውን የምትወደው በሌላ ምክንያት ነው። በጋ ላይ ቤተሰቡ በየሜዳው ተበትኖ ይውላል፤ መፀው ሲመጣ ብርዱ እንደ እረኛ ሁሉንም እየነዳ አንድ ክፍል ውስጥ ያስገባቸዋል። ብርድ ልብሱ ከሣጥን ይወጣል፣ ይራገፋል፣ ፀሐይ ይሰጣል። ዝቅ ያለችው ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የተደበቀውን አቧራ ሁሉ ስታጋልጥ እሷ ጨርቅ ይዛ ትከተላለች፤ እየወለወለችም በልቧ ትጸልያለች። «ጌታ ሆይ፣ የማላየውን እድፍ አሳየኝ» ትላለች። ይህችን ጸሎት ብዙ ዓመት ጸልያታለች። እድፉ የት እንዳለ ግን አልጠረጠረችም።

ዘንድሮ ከሚሰበሰቡት አንዷ ልትጎድል ነው። ትልቋ ልጅ ነርስነት ልትማር ወደ ሩቅ ከተማ ትሄዳለች፤ እሑድ ጠዋት። ሻንጣዋ በር ሥር ተቀምጧል።

ሐሙስ ራት ላይ ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ከመሄዴ በፊት እንድትመርቀኝ እፈልጋለሁ።»

አባትየው ቀና አለ። «እ... እና...»

«እናትሽ ትመርቅሽ ነው የሚልሽ፤» አለች እናትየው ሾርባ እየጨለፈች። «እኔ እመርቅሻለሁ የኔ ልጅ፤ እሑድ ሁላችንም ቆመን...»

«እሱ ነው እንደዚያ ያለው ወይስ አንቺ ነሽ?»

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ አትቆጪ። ግን ተወልጄ እስካድግ አባቴ አንድ ነገር ጀምሮ አሜን እስኪል ድረስ ሰምቼው አላውቅም። አንዴም! እዚያ ሄጄ ማታ ሲከፋኝ ድምፁን ላስታውስ ብል የማስታውሰው የአንቺን ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ካልመረቀኝ አልሄድም። ሻንጣውን እፈታዋለሁ።»

አባትየው ከንፈሩን ከፈተ፤ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተገተረ። ትንሿ ልጅ፣ «እሺ ሊል ነው!» አለች። እሱም ከንፈሩን ገጠመ፣ ተነሳ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ወደ ሱቁ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የመስታወት መቁረጫው ሲሄድ ተሰማ፤ ቀጥ ብሎ፣ ሳያቋርጥ።

እናትየው ሳህን ስታጥብ ብዙ አጉረመረመች። አማቷ እንደ ልማዷ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሯ ላይ በነጠላዋ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ድሮ ወሬ የምትወድ ሴት ነበረች፤ አሁን ካረጀች ወዲህ ቃሏን እንደ መድኃኒት ቆጥባ ነው የምትሰጠው።

«ሰው ለሠራው ደግ ነገር ይወቀሳል እንዴ እማማ?» አለች እናትየው። «እኔ እኮ ከሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው። ያ ኮልታፋው ነቢይስ ወንድሙ አፍ ሆኖት የለም ወይ? እግዚአብሔር ራሱ ነው የሰጠው!»

አሮጊቷ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል፣ «ሰጥቶታል፤» አለች። «ወንድምየው ብቻውን የቀረ ዕለት ግን የወርቅ ጥጃ አቆመ።»

እናትየው የያዘችውን ሳህን ደግማ አጠበችው።

ዓርብ ዕለት ሁለቱም ሱቁ ውስጥ ነበሩ። እሷ አንድ የመስኮት ፍሬም ጠረጴዛው ላይ አቁማ መስታወቱን በሁለት እጇ ደግፋዋለች። መስታወቱ ተገጥሞ ስቱኮ እስኪለሰን ድረስ በጥቃቅን ሚስማሮች ይያዛል፤ እነዚያን ሚስማሮች ደግሞ የሙያው ሰዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት በከንፈሯ ይዛለች። እሱ ከማዶው ጥግ ላይ ሌላ መስታወት ይለካል።

በሩ ተበረገደና ዳቦ ጋጋሪው ገባ። ዱቄት ፀጉሩ ላይ አለ፤ ጩኸቱ ከእሱ ቀድሞ ነው የሚገባው።

«አፈ ጉባኤ! አሁንም ተሰበረብኝ! ትልቁ፣ የፊት ለፊቱ! በየመፀው አንድ መስታወት ልገብር ተፈርዶብኝ ነው? እነዚያ ኳስ ተጫዋች ዲያብሎሶች! መቼ ትሠሩልኛላችሁ?»

«እም...» አለች። ሚስማሩ አፏን ሞልቶታል። ብትተፋው መስታወቱ ላይ ይረግፋል፤ እጇን ብትለቅ ፍሬሙ ይወድቃል። በዓይኗ ወደ ባሏ አመለከተች።

ጋጋሪው ዞረ። ባለመስታወቱም ማስመሪያውን አስቀመጠና ጀመረ።

«ለ... ለ...»

*ለነገ* አለች እሷ በልቧ። ነገ ይደርስልሃል ሊለው ነው። በል፣ ለነገ በለው!

«ለ... ለም...»

ጋጋሪው እንደ ሁልጊዜው ሊረዳው ፈልጎ ወደ እሷ አየ። የእሷን አፍ ሚስማር ዘግቶታል። መልሶ ወደ እሱ አየ። ሱቁ ጸጥ አለ፤ ውጪ ነፋስ ቅጠል ሲያንከባልል ይሰማል። ያ ዝምታ ለእሷ ከምጥ የከበደ ነበር።

«ለምን... ልጆቹን ትረግማለህ? መ... መስታወትህን የሚሰብረው የ... የገዛ በርህ ነው። መፀው ሲገባ ነፋሱ ይ... ይዞርና በሩን ያላጋዋል፤ ግድግዳው ሲናጥ መስታወቱ ይሄዳል። በ... በሩ ላይ ማገቻ አድርግ። ባለፈው ዓመትም ይህንኑ ል... ልነግርህ ጀምሬ ነበር።»

«እንዴ!» አለ ጋጋሪው አፉን ከፍቶ። «ታዲያ ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ?»

ባለመስታወቱ ወደ ሚስቱ አየ፤ ወደ ጋጋሪውም መለሰና፣ «ለ... ለነገ ይደርሳል ተባልክና ሄድክ፤» አለው።

ጋጋሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዱቄቱ ከፀጉሩ እየረገፈ፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ ቀልድ ታውቃለህ! ይህን ሁሉ ዘመን የት ደብቀኸው ነው?» እያለ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

እሷ አልሳቀችም። ፍሬሙን አስተኛች፣ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች። እሷ ያለችው «ለነገ» ነበር። እሱ ያለው ሌላ ነበር። ዛሬ ብቻ ነው? ወይስ እስከ ዛሬ ድረስ የጨረሰችው ቃል ሁሉ የራሷ ነበር?

«ንገረኝማ፤» አለችው። «ገበታ ላይ «ጨ...» ስትል የምትፈልገው ጨው ነው አይደል?»

አንገቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ጊዜ ወሰደ። ጠበቀችው።

«ጨ... ጨርቅ ነው። እጄን ል... ልጠርግበት። ጨው አ... አልወድም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት!»

«ት... ትንሿ ደስ ስለሚላት።»

እናትየው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ እሷም አላወቀችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ሰው፤ እሷ ግን ማፍሰሷንም ሳታውቅ ነው የኖረችው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አማቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«እማማ፣ እኔ ገና ሙሽራ ሳለሁ ከእህትዎ ጋር ስለ እኔ ያወሩትን ያስታውሱታል? ወተት የገነፈለ ዕለት። ለልጄ የጎደለው አፍ አይደለም ብለው ነበር። የጎደለው ምንድን ነው?»

አሮጊቷ ግንባሯን ቋጥራ ረጅም ጊዜ አሰበች።

«እኔ እንጃ ልጄ፤» አለች በመጨረሻ። «ያኔ ብዙ አወራ ነበር። ሁሉን ማን ይዞ ይኖራል?»

እናትየው ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ቅዳሜ ሲመሻሽ ግን ባሏን በረንዳ ላይ አገኘችው፤ የረገፈውን ቅጠል ይጠርጋል።

«ስማኝ፤» አለችው። «ነገ ልጅህን ትመርቃታለህ። እኔ ዝም እላለሁ።»

መጥረጊያውን አቆመ። አያት። «አ... አንቺ?»

«እኔ።»

«ዝ... ዝም ልትዪ?»

«ምን ያስቅሃል?»

እሱ ግን መጥረጊያው ላይ ተደግፎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እሷም ገፋ አደረገችው። ሳቁ ሲበርድለት ፊቱ ከበደ።

«ብ... ብንተባተብስ? ጨርሶ ባ... ባይወጣስ?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን የድሮ ልማዷ እንዳይመለስ ፈርታ፣ ወይም ምናልባት ገና እየተማረች ስለሆነ፣ አልተናገረችም። ዛፉን አየች። አንዲት ቅጠል ቅርንጫፏን ልትለቅ ትወዛወዛለች፤ ማንም አይቀጥፋትም፣ ማንም ቶሎ በይ አይላትም፣ በራሷ ሰዓት ትወርዳለች። እግዚአብሔር ዛፍን እንኳ የሚያራግፈው በዚህ ትዕግሥት ነው።

«እንጠብቃለና፤» አለችው። «ምን ሥራ አለን?»

እሑድ ጠዋት ሁሉም ገበታው ዙሪያ ቆሙ። ወደ መናኸሪያ የሚወስዳቸው ታክሲ ደጅ ደርሷል። እናትየው ወደ ሱቁ ገባ ብላ ተመለሰች፤ በከንፈሯ ሦስት ሚስማር ይዛለች። ትንሿ ልጅ ይህን ስታይ ማንኪያ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች።

«እኔ ምን ልንከስ?» አለች አሮጊቷ። «ጥርስ የለኝ።»

ትልቋ ሻርፗን አስተካክላ በአባቷ ፊት አንገቷን ደፋች። እሱም እጁን ራሷ ላይ አኖረ፤ ያን የመስታወት ጭረት የሞላበትን ሰፊ እጅ።

«እ... እ... እግ...»

ዝም። ሰዓቱ ይቆጥራል።

«እግ... እግዚአብሔር...»

እናትየው ቀጣዩን ታውቀዋለች። *ይጠብቅሽ።* ምርቃት እንዲያ ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ብትወረውርለት በቃ፣ ዕረፍት ነው። ሚስማሩን በጥርሷ ነከሰችው፤ የብረት ጣዕም ምላሷ ላይ መጣ። ደጅ ታክሲው ክላክስ ነፋ። ትንሿ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ማንኪያው ተንቀጠቀጠ።

ታክሲው ደግሞ ነፋ።

«ይንፋ!» አለች አሮጊቷ።

እሱም እጁን ሳያነሳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ መቁረጫው ከጫፍ ተነሳ።

«እግዚአብሔር ጆ... ጆሮ ይስጥሽ። የ... የታመመ ሰው ቃሉ ቶሎ አይወጣም። እስኪጨርስ የምትሰሚ ያ... ያድርግሽ። እኔን ማታ ማታ ብቻዬን ስጸልይ እ... እሱ ታግሶ ይሰማኛል፤ አንድም ቀን ቃሌን አ... አልቀማኝም። እንደዚያ ያለ ጆሮ ይስጥሽ። ስ... ስትወጪም ስትገቢም ከአንቺ ጋር ይሁን። ኮራሁብሽ ልጄ። አ... አ...»

ማንም አልነካበትም። ክላክሱ እንኳ ዝም ብሎ ነበር።

«አሜን።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም፤ ማንኪያው ወለል ላይ ተንቃጨለ፣ ሚስማሩ እናትየው መዳፍ ላይ ተራገፈ። ትልቋ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ግን የደስታ መሆኑን ደንቆሮም ያውቀዋል። እናትየው ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ያረረ ወተት ሸተታት። *ለልጄ የጎደለው አፍ አይደለም፤ የጎደለውማ...* አሁን ጨረሰላት። ራሱ ጨረሰላት።

«ይኸውላችሁ፤» አለች አሮጊቷ ጣቷን ወደ ላይ አንስታ። «ጆሮ ነው ያልኩት! አሁን ትዝ አለኝ።» እውነት ትዝ ይበላት ወይም አሁን ታምጣው የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው።

አውቶብሱን ሸኝተው ሲመለሱ መንገዱ ሁሉ በቅጠል ቢጫ ሆኖ ነበር። እናትየው ልጇ በመስኮቱ እጇን እያወዛወዘች መሄዷን እያሰበች ሆዷ ባባ፤ ግን እርምጃዋ እንደ ድል አድራጊ ነበር። ልጄ የአባቷን ድምፅ ይዛ ሄደች አለች በልቧ። ሙሉውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ማታ ራት ቀረበ። በዚያ ቤት ከራት በፊት ይጸለያል፤ አማቷ ዘወትር፣ «የቤቱ ጸሎት በቤቱ አባወራ አፍ ይሁን» ብትልም እስከ ዛሬ የምትመራው እናትየው ነበረች። ትልቋ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ባዶ ነው። ትንሿ ልጅ ከአባቷ ሳህን አጠገብ ጨው ሳይሆን ንጹሕ ጨርቅ አስቀምጣለች። ሾርባው ይጨሳል።

እናትየው እጇን አጣጥፋ ወደ ባሏ ዞረች።

«ከዛሬ ጀምሮ አንተ ምራን፤» አለችው። «ዛሬ ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ።»

እሱ ጨርቁን አየ፣ ባዶውን ወንበር አየ፣ እናቱን አየ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ተዘጋጅታ ነበር።

«ረ... ረጅም ይሆናል፤» አለ። «ሾርባው ይ... ይ... ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ፤» አለች ሚስቱ።

ፈገግ አለ። «እ...» ብሎ ጀመረ። ሊል የፈለገውን ሦስቱም ያውቁታል፤ ሦስቱም ሳይጨርሱለት ጠበቁት፤ የሾርባው እንፋሎት ቀጥኖ ቀጥኖ እስኪጠፋ ድረስ።

«እሺ፤» አለ።